ስለ ትሕትና እንድናገር ተመርጫለሁ

ሰኞ፣ የካቲት 9

ዐቢይ ጾም ገባ። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ለራሴ ብቻ ነው፤ ማንም እንዲያነበው አልፈልግም። ከሞትኩ በኋላ ልጄ ሮሃ ላሳትመው ካለች ግን ከመቃብር ተነሥቼ አልከለክላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ጾሙ ሲጋመስ፣ አዳራሹ ውስጥ ለምእመናን ንግግር እንዳደርግ ጠየቀኝ። ርዕሱ «መንፈሳዊ ጉዟችን የት ደረሰ? ትሕትናና ራስን መመርመር» ይላል። «እኔ ለዚህ አልበቃም» አልኩት። ቀጥሎም ቶሎ ብዬ «እሺ» አልኩ፤ ብዙ ካስለመንኩት ወደ ኤልናታን እንደሚሄድ አውቃለሁ። ኤልናታን ዌስትላንድስ ሰፈር ባንክ ውስጥ የሚሠራ፣ ሥነ መለኮትን በኢንተርኔት የተማረ ጎረምሳ ነው። ከበሮ ሲመታ ዓይኑን ይጨፍናል። ስለ ትሕትና ምን ያውቃል?

ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ራሴን እየመረመርኩ የማገኘውን እዚህ አሰፍራለሁ። ለንግግሩም ይጠቅመኛል።

ለባለቤቴ ለሙሉመቤት ቢሮ ውስጥ ነገርኳት። ኪሊማኒ ሰፈር ያለችውን የካርጎና የትኬት ቢሮአችንን አብረን ነው የምንሠራው፤ እኔ እመራለሁ፣ እሷ ስልክ ታነሣለች፣ ዕቃ ትመዝናለች፣ ከጉምሩክ ጋር ትጨቃጨቃለች። «ከባድ ርዕስ ሰጡህ» አለችኝ። ትንሽ ሞቅ ያለ ነገር ጠብቄ ነበር። ከዚያ «ይድኔ፣ እኔም አንድ ነገር ልነግርህ ፈልጌ ነበር» አለች። ደንበኛ ገባ፤ ቀረ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀመስኩም። ነፍሴ ቅልል ብሏታል።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ቸኩያለሁ። ራሴን ያመኛል። ንጎንግ ሮድ ዝግት ብሎ ዋለ። የታክሲ ሹፌሩ ላይ ጮህኩበት። ቁጣ አይደለም፤ ሰው ሲጾም ለእውነት ይቀናል። «ፖሌ ፖሌ፣ ምዜ» አለኝ በስዋሂሊ፣ ቀስ በል ሽማግሌው ማለቱ ነው። ሽማግሌ! ጢሜን ስላሳደግኩ ይሆናል። ግርማ ሞገስ ሰጥቶኛል ማለት ነው።

ሙሉመቤት ከሰዓት በኋላ አልነበረችም። ስልኩ ሲጮህ ዋለ። የሚደውለው ሁሉ «እትዬ ሙሉ የለችም?» ይላል። አለቃው እኔ መሆኔን ለማን ለማን ላስረዳ?

እሑድ፣ የካቲት 15፤ ቅድስት

ከቅዳሴ ስመለስ ቤቱ እንቁላል እንቁላል ይሸታል።

መጀመሪያ ጎረቤት ነው ብዬ ነበር። ግን ከእኛ በታች ያለችው ኢክላስ ናት። የመርካቶ ልጅ ናት፣ ኢስሊ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች፣ ሙስሊም ናት፤ አሁን ረመዳን ላይ ስለሆነች በጠራራ ፀሐይ እንቁላል አትጠብስም። ከላይ ያሉት ህንዶች ደግሞ እንቁላል በዓይናቸውም አያዩ። ሙሉመቤት መስኮቱን ሁሉ በርግዳለች።

«ምንድን ነው የሸተተኝ?» አልኳት።

«ምን ሸተተህ?»

«እንጃ።»

«እንግዲያው ምንም አይደለም» ብላ ተመልሳ ጋደም አለች።

የሳምንቱ ውጤቴ፦ ጸሎት ጥሩ። ስግደት ጥሩ፤ ጉልበቴን ባያመኝ በጣም ጥሩ ይሆን ነበር። ትዕግሥት እጅግ በጣም ጥሩ፤ ከዚህ በላይ አልጠየቅኳትማ።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

የእንቁላል ቅርፊት! ከቆሻሻ መጣያው ሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። እኔ ቆሻሻ የምበረብር ሰው አይደለሁም። የጠፋ ደረሰኝ እየፈለግኩ ነው ያገኘሁት። (ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነበር።)

በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሙሉመቤት ጾም ስታጎድል አይቻት አላውቅም። ያውም እኔ በምናገርበት ዓመት! ሰው ቢሰማ ምን ይላል? ሕዝቡን ሊያስተምር ነው፣ ሚስቱ ግን በሁዳዴ እንቁላል ትጠብሳለች አይልም?

ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። ሰውን ሳያሳፍሩ ማረም የትሕትና ፍሬ ነው። ስለ ጾም የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ አለኝ፤ ተገቢውን ገጽ ገልጬ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተውኩላት።

ማታ ስገባ የሽሮ ድስት ተቀምጦበታል።

እሑድ፣ የካቲት 22፤ ምኩራብ

የዛሬው ወንጌል በቤተ መቅደስ የሚነግዱት የተባረሩበት ነው። ቀሲስ ገብሬ አጥንት ድረስ ዘልቆ የሚገባ ስብከት ሰበኩ። ከቅዳሴ በኋላ በር ላይ ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ ዕቃ ለሚልኩ ሁሉ የቢሮአችንን ካርድ አደልኩ። ኤልናታን ካርዱን ተቀብሎ አየኝና ፈገግ አለ። ፈገግታው አልገባኝም። እኔ እርግብ አልሸጥኩም። አገልግሎት ነው የሰጠሁት፤ ያውም ለበዓሉ ቅናሽ አለው።

ሙሉመቤት ቅዳሴው ሳያልቅ ወጥታ መኪና ውስጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። «ደከመኝ» አለች። እንቁላል እየበሉ ድካም! አላልኳትም። በልቤ ነው ያልኩት።

መንገድ ላይ «ይድኔ፣ ማውራት አለብን» አለችኝ።

«ንግግሩ ይለፍ፣ በሰፊው እናወራለን» አልኳት። ጭንቅላቴ ሁለት ነገር አይዝም። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ወደ ውጭ ስታይ ቆየች። ንፋሱ ተስማምቷት መሰለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ሮሃ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ነበር። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነ አማርኛዋ አንድ እግሩ አማርኛ፣ ሌላው እንግሊዝኛ ነው።

«ዳድ፣ ማም በጣም ከስታለች። ሃቭ ዩ ኢቭን ኖቲስድ? ልብ ብለሃል?»

«ጾም ነው ልጄ። ጾም ሰውነትን ያቀላል።»

«አንተ ግን ወፍረሃል።»

ይህ የዛሬ ልጆች አፍ ነው። እኔ የምበላው በቀን አንዴ ነው። ያቺ አንዷ ትንሽ በዛ ትል እንደሆነ እንጂ።

በኋላ ብቻዬን ሳስበው ግን ሮሃ ያለችው ልክ ነው፤ እናቷ ከስታለች፤ ቀሚሷ እላይዋ ላይ የተሰቀለ ይመስላል። እንቁላል የሚበላ ሰው እንዴት ይከሳል? መልሱን ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም፤ በረከት የሌለው ምግብ ሥጋ አይሆንም። ይህቺን ሐሳብ ለንግግሩ ይዣታለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 29፤ መፃጉዕ

ወንጌሉ በአልጋው ላይ ዘመኑን ስለጨረሰው በሽተኛ ነው። ሲያልፉ ሲያገድሙ ያልረዱት ሰዎች ነገር በጣም አሳዘነኝ። እንዴት ያለ ልበ ደንዳና ሕዝብ ነበር!

ሙሉመቤት ቤት ቀረች። ተኝታ ነው የተውኳት።

ስወጣ ቀሲስ ገብሬ እጄን ይዘው «ሙሉመቤት እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት አባታችን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እጄን አልለቀቁም። ዓይን ዓይኔን እያዩኝ «አይዞሽ በላት እንግዲህ» አሉ።

ነገሩን መንገዱን ሙሉ ሳሰላስለው መጣሁ። የሰበካ ጉባኤው ምርጫ ከፋሲካ በኋላ ነው። ባሏ ሊቀ መንበር ሲሆን ሸክሙ ለሚስት ይከብዳል፣ ከአሁኑ አበርታት ማለታቸው ነው። አስተዋይ አባት ናቸው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

ስቲማ፣ መብራቱ፣ ጠፍቷል፤ በስልክ መብራት ነው የምጽፈው። ንግግሩ እያማረ ነው። መግቢያው ስለ ራሴ ደካማነት ነው፤ ሰው እንዲቀርበኝ። መካከል ላይ ግን የሚያነቃ ምሳሌ ያስፈልጋል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አንዲት እህት አለች። ከሰው ፊት ትጾማለች፤ ሰው ዞር ሲልላት እንቁላል ትጠብሳለች፤ ቅርፊቱን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ጋዜጣውን አይገልጠውም ወይ?»

ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ራሴን ነካኝ። ስም አልጠራሁም። ስም አለመጥራት ፍቅር ነው።

ደረጃው ላይ ከኢክላስ ጋር ተገናኘን።

«ጋሽ ይድነቃቸው፣ ነገ ይመጣሉ አይደል?»

«የት?»

ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ «ሙሉ ትንገርዎት» ብላ ወረደች። ለአፍጥር ሊጠሩን ነው መሰለኝ። የእሷ ሳምቡሳ ሥጋ አለበት፤ ምን ብዬ እንደማልፈው እያሰብኩ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ሙሉመቤት ቀኑን ሙሉ ከኢክላስ ጋር ጠፋች። ለሞምባሳ ዕቃ የሚሆን ወረቀት የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማለትም እኔ አላውቅም። ስትመለስ ኢክላስ ደግፋ አስገባቻት። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፣ ክንዷ ላይ ፕላስተር አለ። «ደም ሰጠሁ» አለችኝ። ደም መለገስ መልካም ሥራ ነው፤ ግን በሥራ ቀን?

አልጋው ላይ ሆና «ይድኔ፣ ቁጭ በል እስቲ» አለች።

«ከእሑድ በኋላ፣ ሙሉዬ። ከእሑድ በኋላ የፈለግሽውን።»

«እሑድ ይሁን» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

እሑድ፣ መጋቢት 6፤ ደብረ ዘይት

አዳራሹ ሞልቶ ነበር።

ማይኩ ጥሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከመጀመሪያው ልጀምር። ሙሉመቤት ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ ግን ነጠላዋን ተከናንባ ከሮሃ ጋር መጥታ፣ ከፊት ከሴቶች ጋር ተቀመጠች። ደስ አለኝ። ስለ ደካማነቴ ተናገርኩ፤ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ስለ ትሕትና ተናገርኩ፤ ጸሐፊው ጻፈ። ወደ እንቁላሉ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ እዚያ ጋ ዝቅ ቢል ያምራል ብዬ ተለማምጄው ነበር። «እግዚአብሔር ጋዜጣውን አይገልጠውም ወይ?» አልኩ።

ይስቃሉ ብዬ ነበር። ጥቂቶች ሳቁ።

ሙሉመቤት ተነሣች። ልትወጣ መስሎኝ ነበር። አልወጣችም። ቀስ ብላ፣ ወንበሩን በእጇ ይዛ፣ «እህትየዋ እኔ ነኝ» አለች።

ፊቷን ወደ ሴቶቹ አዞረች።

«ሆዴ ውስጥ ዕጢ ተገኝቷል። ደሜ አልቋል። ሐኪሙ እንቁላል ብዪ፣ ወተት ጠጪ ብሎኝ፣ ለንስሐ አባቴ ነግሬ ፈቅደውልኝ ነው። ቅርፊቱን የጠቀለልኩት ባለቤቴ እንዳያዝንብኝ ነው። ረቡዕ ኦፕራሲዮን እሆናለሁ። እናንተ ጸልዩልኝ» አለች፤ ተቀመጠች።

ማይኩ እጄ ላይ ነበር። ንግግሬ ገና አላለቀም ነበር። አንዲት ሴት መጥታ ሙሉመቤትን አቀፈቻት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ አላየኋትም፤ ነጠላ ብቻ ሆነ። እኔን ማንም አልተመለከተኝም። ኤልናታን መጥቶ ማይኩን ከእጄ ወሰደ፣ አጠፋው፣ «ጋሼ፣ ሂድ ወደሷ» አለኝ። አልሄድኩም። እግሬ እንቢ አለኝ ልል ነበር፤ እግሬ ደህና ነበር።

እሑድ፣ ማታ

መኪና ውስጥ «እቤት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አልኩ።

ከኋላ ሮሃ «ዳድ! ነግራሃለች። ስንቴ ጀምራልህ ነበር። ዩ ኔቨር ሌት ኸር ፊኒሽ፤ አስጨርሰሃት አታውቅም» አለች።

ሙሉመቤት «ተይው ሮሃዬ፣ ደክሞታል» አለች።

ደክሞታል አለች። እኔን ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ያለፉትን ገጾች መለስ ብዬ አነበብኩ። ልቀድዳቸው ነበር። ከዚያ ደግሞ፣ መቅደዱም ለሰው ለማሳየት እንዳይሆን ብዬ ተውኩ። ማን አየኝና? እኔ እንጃ። ራሴን ማመን አቅቶኛል።

ዛሬ ውጤት አልሰጥም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 9

ሆስፒታል። በአጭሩ።

ነርሷ የባል ፊርማ ፈለገች፤ ፈረምኩ። ከዚያ ጠየቀችኝ። የደም ዓይነቷ? አላውቅም። የማይስማማት መድኃኒት አለ? አይመስለኝም። ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ሆና ታውቃለች? «የለም» አልኩ።

«ሮሃን ስትወልድ» አለች ኢክላስ ከጀርባዬ። የደም ዓይነቱን ነገረቻት፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት፣ ደሟ መቼ መቼ እንደተመረመረ፣ የትኛውን ኪኒን ስትወስድ እንደሚያስመልሳት ሁሉ። ነርሷ ወደ እኔ ማየት ተወች።

ሮሃን ስትወልድ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። እንዴት ይረሳል?

ሲያስገቧት እጇን ያዝኩ። አንድ ነገር ልላት አሰብኩ፤ የመጣልኝ ሁሉ ንግግር ንግግር ይላል። ተውኩት። «ፈርተሃል እንዴ?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። «እኔም» አለች። በሩ ተዘጋ።

ኮሪደሩ ላይ ኢክላስ ቀኑን ሙሉ አብራን ቆመች። እሷም ጾማለች፣ እኔም ጾሜያለሁ። የሷ አፍ ደርቆ አየሁት። ስለ ጾሟ አንድም ቃል አልወጣትም።

ሙሉመቤት ወጣች። ተሳክቷል። የዕጢው ውጤት ከላቦራቶሪ እስኪመጣ ግን መጠበቅ ነው አሉ።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ዒድ ነው። ኢክላስ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሂና ተቀብታ መጣች።

«ዛሬ እንግዳ የለብሽም?» አለቻት ሙሉመቤት።

«እንግዳዬ እዚህ ተኝታ ማን ጋ ልሂድ?»

ሁለቱ ሲሳሳቁ ስፌቱ ያማታል፤ «አታስቂኝ» ትላለች፤ ደግሞ ይስቃሉ። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሚያስቃቸውን ለመረዳት ሞከርኩ። ስለ እኔ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ስለ ጢሜ ነው።

ተላጭቼ መጣሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 13፤ ገብር ኄር

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ቀሲስ ገብሬ ከቅዳሴ በኋላ ራሳቸው መጡ፤ ጸሎት አደረሱላት። ኮሪደር ላይ ያዝኳቸው።

«አባታችን፣ እርስዎ ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«የሰው ምሥጢር ነዋ፣ ልጄ። ባለቤቱ እያለች እኔ ምን አግብቶኝ።»

«እንግዲያው ንስሐ ይስጡኝ። ስግደት ይጨምሩልኝ። ከባዱን ይስጡኝ፤ እችለዋለሁ።»

ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «ከባዱን?»

«ከባዱን።»

«ወንበር ሳብና ተቀመጥ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተቀመጥ።»

ሲሄዱ ስግደቱን የረሱት መስሎኝ ልጠራቸው ነበር። ሊፍቱ ተዘጋባቸው።

ወንበሩን አልጋዋ አጠገብ ሳብኩት። መጀመሪያ ብዙ አላወራችም። ከዚያ ጀመረች፤ ደሙ እንዴት እንደበዛ፣ ቢሮ ውስጥ ዕቃ ስትመዝን ዓይኗ እንደጨለመና ሚዛኑን ተደግፋ እንደቆመች፣ ውጤቱን ስትሰማ ማታቱ ታክሲ ውስጥ አልቅሳ ሰው ሁሉ «ፖሌ፣ ማማ»፣ አይዞሽ እናቴ፣ እያለ እንዳጽናናት፣ ከዚያ ቤት ገብታ እኔን ፈልጋ እንዳጣችኝ።

«እኮ የት ነበርኩ?» አልኳት።

«መታጠቢያ ቤት። ድምፅህን ስትለማመድ።»

ብዙ ቦታ ላይ ላቋርጣት ፈለግኩ። ላስረዳት የምችለው ነገር ነበር፤ ሰበቤ ሁሉ ተሰልፎ ተራ ይጠብቅ ነበር። ምላሴን ነከስኩ። ሥጋና ቅቤ ከመተው ይህ ይብሳል፤ እውነቴን ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ሐኪሙ ጠዋት ጠራን። ሙሉመቤት መቆም ስላልቻለች እኔና ሮሃ ሄድን። ወረቀቱን ገለጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ብዙ አወራ። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋኝ። ሮሃ ክንዴን ጨብጣ «ዳድ፣ ክፉው አይደለም። ካንሰር አይደለም» አለችኝ።

ወደ ክፍሏ እየሄድን መንገድ ላይ ቆምኩና ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ። ዘበኛው መጥቶ «ምዜ፣ ኡኮ ሳዋ?» አለኝ፣ ደህና ነህ ወይ ማለቱ ነው። ሮሃ ደህና ነው አለችልኝ። ማን እያየኝ እንደሆነ አላሰብኩም ነበር፤ አሁን ስጽፈው ነው ያሰብኩት። ያሰብኩት መሆኑንም መጻፍ አለብኝ።

ሙሉመቤት ነገሩን የሰማችው ከሮሃ አፍ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስትገልጠው እኔን አየችኝ።

«ይድኔ፣ ራበኝ» አለች።

ምን እንደሚሻላት ወዲያው ታወቀኝ፤ ምን እንደሚስማማት፣ የት እንደሚገኝ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ምን ላምጣልሽ?» አልኩና፣ ወንበሩን ስቤ ተቀምጬ፣ እስክትመልስልኝ ጠበቅኳት።